የፈትለወርቅ ቁጥር

በ2085 ዓ.ም. ግንቦት መግቢያ ላይ ፈትለወርቅ ሽብሩ አርባ አንድ ነበረች። ዕድሜዋ አይደለም፤ በዕድሜ ሃያ ሦስት ነች። አርባ አንድ የተባለው ኮሌታዋ ላይ ከተሰካችው ትንሽ መብራት ሥር የሚነበበው ቁጥር ነው። ሰባ አምስት ያልደረሰ ተማሪ አይመረቅም። የመጨረሻው ምዘና ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ቁጥሩ የምህንድስና ተማሪ በራሱ ችሎታ ላይ ምን ያህል እምነት እንዳለው ይናገራል። መሣሪያው በሰነድ ላይ አንድ መስመር የሚሞላ ስም አለው፤ ተማሪዎቹ ግን ቆጣሪ ይሉታል። ከድምፅ፣ ከልብ ምትና ከዓይን አኳኋን እያነበበ ቀኑን ሙሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ከሰባ አምስት በላይ ለሆነ አረንጓዴ ይበራል፤ ከሃምሳ በታች ለሆነ ቀይ፤ መሐል ቤት ለቀረ ቢጫ። ስሌቱን ማሽኖች ከወሰዱት ሠላሳ ዓመት አልፏል። ለሰው መሐንዲስ የቀረለት ማሽኑ የሠራውን ንድፍ ተቀብሎ «ይቆማል» ብሎ መፈረም ነው። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው እውቀት ሳይሆን ልብ ነው ተባለ። ፈተናም ልብ ያሸብራል ተብሎ ቀረ።

የግቢው ኑሮም በዚሁ ተቃኘ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም መስታወት ፊት ቆሞ «እችላለሁ» ይላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መድገም ጥርጣሬ ነውና። የምግብ አዳራሹ ሰልፍ በቁጥር ነው። አረንጓዴዎቹ ጥብሳቸውን ጨርሰው እጃቸውን ሲታጠቡ ቀዮቹ ገና ሽሮው ጋ ይደርሳሉ። መምህራን «ተሳስተሃል» እንዳይሉ በደንብ ተከልክለዋል። አንድ ተማሪ የባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ምሰሶ ውፍረት አራት ሚሊ ሜትር ነው ብሎ የመለሰ ዕለት መምህሩ ጣሪያውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩና «ደፋር አስተያየት ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፉ። ላጲስ ግቢ ውስጥ አይገባም። በር ላይ ጥበቃዎቹ ቦርሳ ሲፈትሹ ስለትና ላጲስ ነው የሚፈልጉት። ስለት የተገኘበት ይመከራል፤ ላጲስ የተገኘበት ይቀጣል።

ፈትለወርቅ ሦስት ላጲስ ነበራት።

አመሏን ያመጣችው ከቤቷ ነው። አባቷ አቶ ሽብሩ ቡታጅራ ውስጥ የከባድ መኪና ጋራዥ አላቸው። አንድ ብሎን አጥብቀው ሲያበቁ እጃቸውን ይጠርጉና፣ ሄድ መለስ ብለው፣ ያንኑ ብሎን እንደገና የሚያጠብቁ ሰው ናቸው። ልጅቱም ቁርጥ እሳቸውን ወጣች። መልሱን ታገኘዋለች፣ ልክ ነው፣ ግን እንደገና ትሠራዋለች። በደገመች ቁጥር ቆጣሪው ሦስት ይቀንስባታል። ሰው «ጎበዝ እኮ ነሽ» ሲላት «ኧረ እኔ ምን አውቄ» ትላለች፤ ሁለት ይሄዳል። «ነገ እንገናኝ?» ስትባል «እግዜር ካለ» ትላለች፤ አራት ይሄዳል። መሣሪያው በተፈለሰፈበት አገር ሰው ስለ ነገ ሲያወራ እግዜርን አያስፈቅድም ይመስላል። አንደኛ ዓመት ላይ የክፍሉ ግማሽ በዚህች ቃል የተነሳ ቀይ ሲያበራ ከርሟል። ሌሎቹ ቶሎ ተዉት። የእሷ ምላስ ግን እምቢ አለ።

የመተማመን ክሊኒኩ ኃላፊ ወይዘሪት ሶስና ደግ ሴት ናቸው፤ የሚያስፈራውም ደግነታቸው ነው። ፈትለወርቅን ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀምጠው ስትደጋግመው መልሱ ተለውጦባት ያውቅ እንደሆነ ጠየቋት። አንዳንዴ አለች። ስንት ጊዜ አሏት። ከአሥር አንድ ጊዜ አለች።

«አየሽ፣ ዘጠኙን ጊዜ በከንቱ ነው የደከምሽው» አሉ ወይዘሪት ሶስና፣ እጇን በእጃቸው ሸፍነው።

ፈትለወርቅ አሥረኛው ሰው የሚሄድበት ድልድይ ቢሆንስ ልትል ፈልጋ ነበር። ኮሌታዋን ስታየው ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ወርዳለች። ወይዘሪት ሶስና ሁለት ነገር አዘዙላት፤ መልስ ስትሰጥ አገጯን ቀና እንድታደርግና የምረቃ ሥራዋን ከኢዮስያስ ማሞ ጋር እንድትሠራ።

ኢዮስያስ ዘጠና ሰባት ነበር። ምሰሶና ማገር ጎን ለጎን ቢያስቀምጡለት የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ መናገሩ ያጠራጥራል፤ እሱ ግን ምንም አይጠራጠርም። ሲስቅ ከልቡ ነው፣ ሲያበድርም ከልቡ ነው፣ ሲሳሳትም እንደዚያው። ማንም ሊጠላው አልቻለም። ፈትለወርቅም ሞክራ አልሆነላትም።

የምረቃ ሥራው እንዲህ ነው። ከግቢው ጀርባ ባለችው ወንዝ ላይ ሁለት ሁለት ተማሪ እየሆኑ አንድ የእግረኛ ድልድይ ይሠራሉ። ንድፉን ማሽኑ ይሰጣቸዋል፤ ብረቱ ተቆርጦ ይመጣል፤ እነሱ ብሎን እያሰሩ ይገጥሙታል። በምዘናው ቀን ቤተሰቦቻቸው ድልድዩ ላይ ሲወጡ ተማሪዎቹ ከሥሩ ይቆማሉ፣ ለአሥር ደቂቃ። በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ቆጣሪው ያነበበው ከፍተኛው ቁጥር የምረቃ ውጤት ሆኖ ይመዘገባል። ደንቡን ያወጡት የምዘና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዶክተር ገረመው ናቸው። በሠራው ሥራ የሚያምን ሰው ከሥሩ ለመቆም አያመነታም ይላሉ፤ ነገሩም ሲሰሙት ደስ ይላል።

በኢዮስያስ አጠገብ መዋል ለፈትለወርቅ በጀ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስልሳ ሁለት ገባች። ድልድዩም አማረ፤ ሃያ ስምንት ሜትር፣ ቀጭንና ረጅም፣ ከሌሎቹ ሁሉ የሚረዝም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን አመሏ ተነሣባትና ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባች። እዚያ ቆጣሪው በደንብ አይሠራም። ንድፉን ዘረጋች፣ እርሳስና ላጲስ አወጣች፣ ማሽኑ የሠራውን ስሌት ከመጀመሪያው ጀምራ በእጇ መሥራት ያዘች። ሁሉም ልክ ነበር። ለሚራመድ ሰው ሁሉም ልክ ነበር።

ማንኛውም ድልድይ ሲነኩት የሚወዛወዝበት የራሱ ምት አለው፤ በዚያው ምት ደጋግመው ሲረግጡት መወዛወዙ እየባሰ ይሄዳል። የዚህኛው በሰከንድ ሁለት ነው። ፈትለወርቅ ስልኳን አወጣችና የአክስቷን ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ከፈተች። ሰዉ ክንድ ለክንድ ተያይዞ ሆ እያለ ሲዘል መሬቱን ስንቴ እንደሚረግጥ በሰዓት ቆጠረች። በሰከንድ ሁለት ነው። ላጲሷን አንስታ ደግማ ሠራችው፣ ሦስተኛም ሠራችው። ሠላሳ ሰው ቢዘልበት ድልድዩ ያጉረመርማል እንጂ ይችለዋል። ስልሳ ሰው በአንድ ምት ቢዘልበት ከሦስት ወይም ከአራት ደቂቃ በላይ አይቆይም።

ማሽኑን ጠየቀችው።

«ሰዎቹ መራመዳቸውን ትተው ቢዘሉስ?»

«በእግረኛ ድልድይ ላይ ሰዎች ለምን ይዘላሉ?» አለ ማሽኑ።

«ልጃቸው ስለተመረቀች።»

ማሽኑ እንዲህ ያለ ምክንያት በጭነት ዝርዝሩ ውስጥ እንደማያገኝ፣ ንድፉ ግን መቶ ከመቶ አስተማማኝ እንደሆነ አስታወቀ።

ለኢዮስያስ ነገረችው። ወረቀቱን በፍቅር አየው፣ ገልብጦም አየው። «ይቆማል» አለ፤ ቁጥሩም ዘጠና ስምንት ገባ። እሷ በተጠራጠረች ቁጥር እሱ ከፍ እንደሚል አስተውሎ ኖሮ፣ እስከ ምዘናው እንድትቀጥልለት ለመናት።

ዶክተር ገረመው ዘንድ ስትሄድ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ወረቀቱን ሳይነኩ አነበቡት። ይህ ስሌት ሳይሆን ቁጥር የለበሰ ፍርሃት ነው አሏት። በጭፈራው ላይ ገደብ ይደረግ ስትልም የቤተሰብን ደስታ ማፈን የተመራቂውን ልብ ይሰብራል፣ ጥናት አለ አሉ። ቀጥለው በደንቡ መሠረት በገዛ ድልድዩ ላይ የጥርጣሬ ሪፖርት ያስገባ ተማሪ ከዘንድሮ ምዘና ይወጣል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ማመልከት ይችላል፣ ስድስተኛ ዓመት ግን በተቋሙ ታሪክ ተፈቅዶ አያውቅም አሉ። ሪፖርት ልታስገቢ ነው የመጣሽው ወይስ ለመማከር አሏት።

አምስት ዓመት። አባቷ በየወሩ ከጋራዡ የሚልኩት፣ ሰፈሩ ሁሉ ኢንጂነር እያለ የሚጠራት። ለመማከር ነው አለች። ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ደረጃው ላይ አፈረች፤ ፊቷ እስኪቃጠል ድረስ አፈረች። ቆጣሪው ግን በዚያች ሰዓት ስልሳ አራት አነበበ፤ ዝም ማለትን እንደ ልበ ሙሉነት የቆጠረው ይመስላል።

የቀራት አባቷ ነበሩ። ደወለችላቸው።

«አባዬ፣ ድልድዩ ላይ ስትወጣ እንዳትዘል።»

«አምስት ዓመት ለዚች ቀን ጠብቄ ቆሜ ላጨብጭብ?»

ስሌቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳቻቸው። አቶ ሽብሩ ስለ ብሎን ሲወራ አያቋርጡም። ሰምተው ሲጨርሱ እሺ፣ እኔ አልዘልም አሉ። ሌላውን ሰው ግን በምን እንደሚይዙት አላወቁም። ያን ያህል ሰውም አይመጣም ይሆናል ብለው አጽናኗት። ፈትለወርቅም በዚህ ተጽናናች፤ ሠላሳ ሰው ከሆነ ደህና ነው።

የምዘናው ጠዋት ብሩህ ነበር። ከእነ ፈትለወርቅ በፊት የቀረቡት ሁለት ድልድዮች አጫጭር፣ ቤተሰቦቹም ደርባባ ነበሩ፤ አጨብጭበው፣ ፎቶ ተነሥተው ወረዱ። ተማሪዎቹም በየተራ ሰማንያ፣ ሰማንያ ሁለት እያሉ ከወንዙ ወጡ። ሦስተኛው ተራ ሲጠራ ከግቢው በር ከበሮ ተሰማ። የኢዮስያስ ቤተሰብ ሁለት አውቶቡስ ሞልቶ መጥቷል። እነሱም በሠሩት ሁሉ እርግጠኞች የሆኑ ሰዎች ይመስላሉ።

ፈትለወርቅና ኢዮስያስ ቦቲያቸውን አድርገው ቁርጭምጭሚት ድረስ በምትደርሰው ውኃ ውስጥ ከድልድዩ ሥር ቆሙ። ሰዓቱ ተጀመረ። ከላይ የሰዉ ጫማ ድምፅ ሲበዛ ፈትለወርቅ በብረቶቹ መሐል ሽቅብ እያየች ቆጠረች። ሃያ፣ አርባ፣ ስልሳ አምስት። አባቷ መሐል ላይ ናቸው፣ በአዲስ ኮታቸው። የኢዮስያስ አጎት ዶክተር ገረመውን ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው፤ ዶክተሩም ለወጉ ሁለት እርምጃ ገብተው በዚያው ቀሩ።

ከበሮው ምት ያዘ። አንዱ ሆ አለ፣ ሁሉም ተቀበለ። አቶ ሽብሩ ለጥቂት ጊዜ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ፤ የቻሉትን ያህል ከራሳቸው ጋር ታገሉ። ከዚያ አንዱ «የማን አባት ነው እንዲህ የቆመው?» ሲላቸው ቃላቸውን ረሱ።

ድልድዩ መወዛወዝ ጀመረ። በመጀመሪያ ትንሽ፣ ሰዉን ይበልጥ ደስ የሚያሰኝ ያህል። ፈትለወርቅ ከሥር ሆና አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት እያለች ቆጠረች። የምዘናው ሰሌዳ ወንዙ ዳር ተተክሎ የሁለቱንም ቁጥር በትልቁ ያሳያል፤ ኢዮስያስ ዘጠና ስምንት፣ ፈትለወርቅ ሠላሳ ስምንት። ዝም ብላ ብትቆም፣ አገጯን ቀና አድርጋ ስለ ሌላ ነገር ብታስብ፣ በቀሩት ደቂቃዎች ሰባ አምስትን ትነካው ይሆናል። ላይዘሉም ይችላሉ ከእንግዲህ፤ ሊደክማቸው ይችላል። እሷም ተሳስታ ይሆናል። ከአሥር አንድ ጊዜ ትሳሳታለች።

«ይቅርታ፣ ምናልባት ወረድ ብትሉ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም» አለች ሽቅብ።

ማንም አልሰማም። የሰሙት ጥቂቶችም ኮሌታዋ ላይ ያለውን ቀይ መብራት አይተው በሐዘኔታ ፈገግ አሉ። ቀይ የሚያበራ ሰው ሲናገር እንዳይሰማ ዕድሜ ልኩን የተማረ ሕዝብ ነው።

ያን ጊዜ ከድልድዩ ቀኝ ጫፍ አንዲት የብሎን ነት ተፈታችና ውኃው ውስጥ ጠብ አለች። ጨዋታው ሞቆ የሰማት የለም። ፈትለወርቅ ግን አየቻት፤ ያሰረቻት እሷ ነበረች፣ ሁለቴ አጥብቃ ያሰረቻት። ብረቱን በእጇ ያዘችው፤ መንቀጥቀጡ ከመዳፏ እስከ ትከሻዋ ወጣ። ልቧ ውስጥ የነበረው ይሆናል አይሆንም ሁሉ ቀጥ አለ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጸጥታ ተሰምቷት አያውቅም።

«አባዬ፣ ውረድ። ሁላችሁም ውረዱ። ይህ ድልድይ ሁለት ደቂቃ አይቆይም።»

አልጮኸችም፤ የጋራዥ ሰው ልጅ ናት፣ በሞተር ድምፅ ላይ መናገር ታውቃለች። ኮሌታዋ ላይ ያለው መብራት ቢጫን ዘሎ አረንጓዴ በራ። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና እያለ ወጥቶ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቆመ። መሣሪያው ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አያውቅም። ከበሮው ተቋረጠ። ስልሳ አምስቱም ሰው ሰሌዳውን አየ፣ መብራቱን አየ፣ ከዚያ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ በሁለቱም ጫፍ ተሰልፎ መውረድ ጀመረ። አቶ ሽብሩ የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ጫፉ ላይ ቆመው ሲያስወርዱ ነበር። ኢዮስያስ ልጅቱን አየ፣ ብረቱን አየ፤ የእሱ ቁጥር አሥራ ሁለት ገባ። ሁለቱም ሮጠው ከውኃው ወጡ።

ሰው ከወረደ በኋላም ድልድዩ ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ሲወዛወዝ ቆየ። ከዚያ ቀኝ ጎኑ ተለየ፣ መሐሉ ታጠፈ፣ ሁለቱ ተማሪዎች ቆመውበት በነበረው ቦታ ላይ ሄዶ ተኛ። በኋላ አቶ ሽብሩ ልጃቸውን አቅፈው ይቅር በይኝ፣ ዘለልኩ አሏት፤ እሷም ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

የምዘና ጽሕፈት ቤቱ ሁለት ቀን ሙሉ ተሰበሰበ። አንድ አባል ድልድዩ ስለወደቀ ተማሪዎቹ ወድቀዋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ስለ ድልድዩ መውደቅ የሚሞላ ሣጥን ግን በቅጹ ላይ አልተገኘም። ሌላ አባል ልጅቱ ያመነችው ድልድዩ እንደሚወድቅ ነው፣ ይህ እምነት ይባላል ወይ ብለው ጠየቁ። ደንቡ ሲነበብ ተማሪው ምን ያህል እንደሚያምን እንጂ ምን እንደሚያምን አይጠይቅም። በመጨረሻ ፈትለወርቅ በዘጠና ዘጠኝ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች። ኢዮስያስም ከሥር በቆመበት ጊዜ ከፍተኛው ቁጥሩ ዘጠና ስምንት ስለነበር በማዕረግ ተመረቀ። ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች «ውረዱ» ማለትን የሚያለማምድ ኮርስ እንዲዘጋጅም ተወሰነ።

ከምርቃቱ ማግስት፣ እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ፈትለወርቅ ዕቃዋን እየሸከፈች ሳለ የመኝታ ክፍሏ በር ተንኳኳ። ዶክተር ገረመው ናቸው። የሥራ መታወቂያቸውን አላንጠለጠሉም፤ በብብታቸው የተጠቀለለ ወረቀት ይዘዋል። ገብተው በሩን መለስ አደረጉት። ልጃቸው ቤት እየሠራች ነው። ሁለት ፎቅ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው የሚያድሩት ላይኛው ላይ ነው። ንድፉን ማሽኑ ሠርቶታል፣ ዘጠና አምስት ቁጥር ያለው መሐንዲስም ፈርሞበታል።

«መቶ ከመቶ እርግጠኞች ናቸው» አሉ። «ድልድዩ ከወደቀ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ቆጣሪሽን አውልቂና እስቲ እይልኝ።»

ፈትለወርቅ መብራቱን ከኮሌታዋ ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ወረቀቱን አልጋዋ ላይ ዘረጋች። ዶክተሩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን ይዘው ጠበቁ። እሷ ታሰላለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ታሰላለች። ግማሽ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ እርሳሷን ላይኛው ፎቅ ላይ ካለው በረንዳ አጠገብ አስቀመጠች።

«ይቆማል?» አሉ ዶክተር ገረመው።

«አላውቅም» አለች ፈትለወርቅ። «ይህች በረንዳ አልጣመችኝም። ነገ ይመለሱ።»

ዶክተር ገረመው ተነሡ፣ እጇን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ለቀናት የተጫናቸው ነገር ከላያቸው የወረደላቸው ሰው ሆነው ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ።